የጨው ረግረግን በውኃው ሰዓት መጎብኘት፦ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በደላዌርና በቼሳፒክ

የመጀመሪያ ጉዞዬን እኔው ራሴ ነኝ ያበላሸሁት። ወሩ ጁላይ ነው። ሰዓቱ ቀትር። ውኃው ግጥም ብሎ ሞልቷል። ልጆቹ ቁምጣ ለብሰዋል። ከመኪና በወረድን በሁለት ደቂቃ ውስጥ አረንጓዴ ዓይን ያላቸው ተናካሽ ዝንቦች ወረሩን። ከሣርና ከውኃ በቀር ያየነው ነገር የለም። ባለቤቴ "ሁለት ሰዓት ነድተን የመጣነው ለዚህ ነው?" አለችኝ። ዝም አልኩ።

ኖቬምበር ላይ ብቻዬን ተመለስኩ። ያው መንገድ፣ ያው ሣር ነው። ግን ፀሐይ ስትወጣ በሺዎች የሚቆጠሩ ነጫጭ ዝይዎች ከውኃው ላይ በአንዴ ተነሡ። ድምፃቸው ደረት ውስጥ ይገባል። ያኔ ገባኝ። ቦታው ምንም አልጎደለውም ነበር። እኔ ነኝ በራሴ ሰዓት የሄድኩት። ረግረግ የራሱ ሰዓት አለው።

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂንያ የምንኖር አበሾች ቤይ ብሪጅን የምናውቀው ወደ ኦሽን ሲቲ መሻገሪያ አድርገን ነው። ከድልድዩ ማዶ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ዓመቱን ሙሉ ሰልፍ የሚወጣበት አገር አለ። ይህ መመሪያ ያንን ሰልፍ በየወሩ ለማየት ነው። ባሕር ከሌለው አገር ስለመጣን፣ ውኃ ሲሞላና ሲጎድል ማንበብን ከመጀመሪያው እንጀምራለን።

መጀመሪያ፦ ቦታችሁን ምረጡ

የጨው ረግረግ ወንዝና ባሕር በሚገናኙበት ዳርቻ የሚገኝ የሣር ሜዳ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ያጥለቀልቀዋል፤ ሁለት ጊዜ ይለቀዋል። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ራሱ 320 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የሰመጠ ሸለቆ ነው። የበረዶው ዘመን ሲያበቃ ባሕሩ ከፍ አለና የሰስኩዌሃና ወንዝ የሚሄድበትን ሸለቆ ዋጠው። ዲሲ ውስጥ ጆርጅታውን ዳር የምታዩት ፖቶማክ እንኳ እስከዚያ ድረስ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ብዙ ሰው ዕድሜ ልኩን እዚያ ዳር እየተመላለሰ ይህን ልብ አይለውም።

ለጀማሪ ሁለት ቦታ ይበቃል።

አንደኛው ቦምቤይ ሁክ ነው። ደላዌር ውስጥ፣ ስመርና ከምትባል ከተማ አጠገብ። በ1937 የተቋቋመ የፌዴራል የዱር እንስሳት መጠለያ ሲሆን ወደ 6,500 ሄክታር ይሰፋል። ውስጡን የሚዞር 19 ኪሎ ሜትር ያህል የመኪና መንገድ አለው። በመንገዱ በአንድ ወገን ባሕሩ የሚገባበት ረግረግ፣ በሌላው ወገን ደግሞ ሰው የገደበው ጨው አልባ ኩሬ አለ። ይህ ነገር ኋላ ላይ ይጠቅመናል።

ሁለተኛው ብላክዋተር ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከካምብሪጅ ከተማ በስተደቡብ። ይህኛው በ1933 ተቋቋመ። የንስር አገር ነው። ሃሪየት ታብማን የተወለደችው በዚሁ አውራጃ ነው። ገና ሕፃን ሳለች በባርነት ለሌላ ሰው ተልካ፣ በዚህ ቀዝቃዛ ረግረግ ውስጥ እየገባች የመስክራት ወጥመድ ትፈትሽ ነበር። መስክራት ውኃ ውስጥ የሚኖር፣ ለቆዳው የሚታደን አይጥ መሰል እንስሳ ነው። በስሟ የተሠራው ማዕከል ከመጠለያው አጠገብ ነውና ከልጆች ጋር ከሄዳችሁ አትለፉት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ሁለቱም ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃሉ። ከጁን እስከ ኦገስት ባለው ሙቀት ዓርብ ከሰዓትና ቅዳሜ ጠዋት ቤይ ብሪጅን አትሞክሩት፤ የባሕር ዳርቻ ተጓዥ ድልድዩን ይዘጋዋል። መግቢያው ለአንድ መኪና ጥቂት ዶላር ነው። የፌዴራል ፓርኮች የዓመት ፓስ ካላችሁ ይሠራል። አራተኛ ክፍል የሆነ ልጅ ካላችሁ ደግሞ ቤተሰቡን በነፃ የሚያስገባ ፓስ ይሰጠዋል። እኛ ቤት ይህን ያወቅነው ልጁ አምስተኛ ክፍል ከገባ በኋላ ነው።

ከሁለቱ አንዱን መርጣችሁ ዓመቱን በሙሉ እሱኑ ተመላለሱበት። አሥር ቦታ አንድ አንድ ጊዜ ከማየት አንድ ቦታ ስድስት ጊዜ ማየት ይሻላል። ለውጡ የሚገባችሁ ያኔ ነው።

ሁለተኛ፦ የውኃውን ሰዓት ተማሩ

እዚህ ታይድ የሚሉትን እኔ ሙላትና ጉድለት እለዋለሁ። ዋናውን የሚያመጣው የጨረቃ ስበት ነው። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ሙላቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ይሄዳል። ሰንጠረዡን ኖአ የተባለው የአሜሪካ የባሕርና የአየር መሥሪያ ቤት በነፃ ያወጣል። የምትሄዱበትን ቦታ ቅርብ ጣቢያ ፈልጋችሁ ተመልከቱ።

አንድ የማይረሳ ዘዴ ልንገራችሁ። በዚህ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ውኃው ከሞላ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ በዚያው ሰዓት ገደማ ጎድሎ ታገኙታላችሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ተመልሶ ይሞላል። 50 ደቂቃ በሰባት ቀን ሲባዛ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ቅዳሜ ብቻ ዕረፍት ላለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የሰዓት ነገር ከተነሣ፣ አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ አጎቴን "በሰባት ሰዓት እንነሣለን" አልኩት። እኔ የፈረንጁን ማለቴ ነው። እሱ በቀትር ጃኬቱን ለብሶ በር ላይ ጠበቀኝ። ውኃው ያን ጊዜ ሞልቶ፣ ጎድሎ፣ እንደገና ሊሞላ ነበር። እዚህ የምጽፈው ሰዓት ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው፤ ሰንጠረዡን ስታነቡ ስድስት ሰዓት ማቀናነስ አትርሱ።

ሦስት ነገር ያዙ። ጭቃ ላይ የሚለቅሙ ወፎችን ለማየት ውኃው ጨርሶ ዝቅ ከሚልበት ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ቦምቤይ ሁክ ከሆናችሁ ደግሞ ተቃራኒውም ይሠራል፤ ውኃው ሲሞላ ጭቃው ይሸፈንና ወፎቹ በመንገዱ ማዶ ወዳለው ኩሬ መጥተው ያርፋሉ፣ አጠገባችሁ። አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ ሲሆን ሙላቱ ከወትሮው ይበልጣል፤ ጉድለቱም እንደዚያው ይብሳል።

በደላዌር በኩል ውኃው ከ1.5 ሜትር በላይ ከፍ ዝቅ ስለሚል ልዩነቱ ግልጽ ነው። በቼሳፒክ ግን ከግማሽ ሜትር ብዙም አያልፍም። ብላክዋተር ላይ ነፋስ ብቻውን ሰንጠረዡን ሊያዛባው ይችላል። ስለዚህ ሙላትና ጉድለትን ለመማር ደላዌር ይሻላል።

ሦስተኛ፦ የሚያዝ ነገር

ባይኖኩላር ከሁሉ ይቀድማል። ስምንት በአርባ ሁለት የሚባለው መጠን ለጀማሪ ጥሩ ነው። ከእሱ የበለጠ የሚያጎላው እጅ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ምስሉን ያናውጠዋል። ስልካችሁ ላይ መርሊን የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ ጫኑ፤ የወፍ ድምፅ ሰምቶ ስሙን ይነግራችኋል።

ረጅም ሱሪ፣ ነጣ ያለ ቀለም ያለው፤ ጫፉን ካልሲ ውስጥ ክተቱት። መዥገር አለ፤ የላይም በሽታ የሚያስተላልፈውም ከእነሱ ውስጥ ነው። ቤት ስትገቡ ልጆቹን ከጆሮ ጀርባ እስከ ጉልበት ማጠፊያ ድረስ ፈትሹ። በብርድ ወራት ደግሞ ጋቢ ከማንኛውም ጃኬት ይሻላል፤ መኪና ውስጥ ተጠቅልላችሁ በቅርንፉድ የፈላ ሻይ እየጠጣችሁ ማየት ትችላላችሁ። ቆሎውን ለራሳችሁ ያዙ። ለወፎቹ አትበትኑላቸው።

መኪናችሁ ራሱ ምርጥ መሸሸጊያ ነው። ወፎቹ መኪና ለምደዋል፤ ሰው ሲወርድ ግን ይነሣሉ። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋችሁ አሥር ደቂቃ ተቀመጡ። በአራተኛው ደቂቃ ገደማ መታየት ይጀምራሉ። ልጆች አራተኛው ደቂቃ ድረስ አይታገሡም፤ እዚያ ላይ ነው ቆሎው የሚሠራው።

አራተኛ፦ ሣሩንና ጭቃውን አንብቡ

እንስሳ ከመፈለጋችሁ በፊት ሣሩን እዩ። ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላል፤ አይደለም። ከውኃው ጠርዝ ላይ ረጅሙና ሻካራው አለ። በቀን ሁለት ጊዜ የሚጠልቀው እሱ ነው። ከፍ ባለው መሬት ላይ አጭርና ለስላሳ ሣር አለ። ነፋስ እንዳስተኛው ጠጉር ይተኛል። ይህኛው የሚጥለቀለቀው ጨረቃዋ ሙሉ ወይም አዲስ ስትሆን ነው። በጥቂት ሳንቲ ሜትር የከፍታ ልዩነት አንዱ አገር አልቆ ሌላው ይጀምራል።

ጣታችሁን በረጅሙ ሣር ቅጠል ላይ አሳልፉና ቅመሱት። ጨው ነው። ተክሉ የጠጣውን ጨው በቅጠሉ በኩል መልሶ ያወጣዋል፤ ፀሐያማ ቀን ላይ የጨው ፍሬው ሲያብረቀርቅ ይታያል። አሞሌ ከአፋር በግመል ተጭኖ ሲመጣ ለሚያውቅ ሰው፣ ጨው ከሣር ላይ መልቀም ሊያስቀው ይችላል።

ከሣሩ ጀርባ ሸምበቆ ታያላችሁ፤ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ ጫፉ ላባ የሚመስል። ያምራል። ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ወራሪ ዝርያ ነው፤ በበቀለበት ሌላውን ሣር ያፍነዋል።

ከዚያ ወደ ጭቃው ውረዱ፤ በዓይናችሁ ማለቴ ነው። እግር እንዳታስገቡ። እስከ ጉልበት ይውጣል፤ ጫማውንም አይመልስም። ከእንጨት የተሠራው መተላለፊያ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ተመልከቱ። የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። አየር በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ ባክቴሪያ ሣሩን ሲያበሰብስ የሚወጣ ጋዝ ነው፤ የጤናማ ረግረግ ሽታ ነው።

ጭቃው ላይ ጣት የምታክል ቀዳዳ ብዙ አለች። ሳትንቀሳቀሱ ጠብቁ። ትናንሽ ሸርጣኖች አንድ በአንድ ይወጣሉ። ወንዱ አንድ እጁ ትንሽ ነው፤ ሌላው ደግሞ ከአካሉ ጋር የማይመጣጠን ትልቅ። ትንሹን እጅ በትልቁ ፊት እያመላለሰ ሲበላ ማሲንቆ የሚገርፍ ይመስላል። እዚህም ስሙን የሰጡት ከቫዮሊን ተጫዋች ነው። እኛ ቤት ባለማሲንቆ ይባላል። ትልቁን እጅ ከፍ አድርጎ ካወዛወዘ ሴት እየጠራ ነው። ሣሩ ግንድ ላይ የተለጠፉትን ቀንድ አውጣዎችም ልብ በሉ፤ ውኃው ሲሞላ ይወጣሉ፣ ሲጎድል ይወርዳሉ። ቀንድ አውጣው የት እንደደረሰ አይታችሁ የውኃውን ሁኔታ መገመት ትችላላችሁ።

አሁን ዓመቱን እንጀምር። በእኛ ዘመን መለወጫ እጀምራለሁ፤ ረግረጉም ያን ጊዜ መልኩን ስለሚቀይር። ክረምት ስል ዝናቡን ነው ወይስ በረዶውን የሚል ጭቅጭቅ እንዳይነሣ ግን በፈረንጅ ወር እንግባባ።

ሴፕቴምበርና ኦክቶበር

ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለው ጊዜ ይህ ነው። ተናካሾቹ ዝንቦች አልቀዋል። ቢጫ አበባ በየዳርቻው ይፈነዳል። አደይ አበባ አይደለም፤ ግን በመስከረም ቢጫ ሜዳ ማየት ደስ ይላል። አበባው ላይ ሞናርክ የምትባለዋን ብርቱካናማ ቢራቢሮ ፈልጉ። ወደ ሜክሲኮ ተራሮች እየሄደች ነው።

ኦክቶበር ሲገባ ጭቃው ላይ የሚበቅል አንድ ወፍራም ቅጠል አልባ ተክል ደም ይመስላል። ረግረጉ በቦታ በቦታ ቀይ ይሆናል። በዚሁ ወቅት ቦምቤይ ሁክ ኩሬዎች ውስጥ አቮሴት የሚባሉ ቀጫጭን ወፎችን ታያላችሁ፤ መንቁራቸው ወደ ላይ የተቆለመመ። ውኃውን በመንቁራቸው ግራና ቀኝ እያጨዱ ይሄዳሉ።

ውኃው ውስጥ ደግሞ የማናየው ጉዞ አለ። ከወንድ ጋር የተገናኙት ሴት ሰማያዊ ሸርጣኖች ከየወንዙ ተነሥተው ጨው ወደሚበዛበት ወደ ቼሳፒክ አፍ ይወርዳሉ። ወንዶቹ ይቀራሉ። ብርዱ ሲመጣ ሁሉም ጭቃ ውስጥ ይቀበራሉ።

ልብ በሉ፦ በዚህ ወቅት የአደን ጊዜም ይከፈታል። መጠለያዎቹ በአንዳንድ ቀን አንዳንድ ክፍላቸውን ይዘጋሉ። ከመነሣታችሁ በፊት ድረ ገጻቸውን ተመልከቱ።

ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ

ብርድ ነው ብላችሁ አትቅሩ። ትልቁ ትርዒት ይህ ነው። በረዶ ዝይ የሚባሉት ነጮቹ፣ የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር የሆነው፣ ከአርክቲክ ይመጣሉ። ቦምቤይ ሁክ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩበት ቀን አለ። ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ድረሱ። ውኃው ላይ አድረው ጠዋት ወደ እርሻ ይሄዳሉ። መነሣታቸውን የሚያስጀምር ነገር አይታወቅም፤ አንዳንዴ አንድ ንስር ከላይ ማለፉ ይበቃል። የጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ ላይ ሕዝቡ በነጭ ልብስ ሲነሣ አስቡት። ሰዎቹ ሰማይ ላይ ናቸው እንጂ ነገሩ ያው ነው። ጥምቀትም በዚሁ ወቅት ይውላል። ጠዋት እዚያ፣ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን ማድረስ የሚቻል አይመስላችሁም፤ ሞክሬዋለሁ፣ አይቻልም።

ብላክዋተር በዚህ ወቅት የንስር ነው። ራሱ ነጭ የሆነውን የአሜሪካን ንስር በአንድ ጠዋት ደጋግማችሁ ልታዩ ትችላላችሁ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ያውቀዋል ማለት ይቻላል፤ የኛው ነጭ ራስ ዓሣ በላ ንስር የቅርብ ዘመዱ ነው። በድምፅ ግን የኛ ይበልጣል። የአሜሪካው አካሉ ግዙፍ፣ ድምፁ የጫጩት ነው። ንስሮች በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ እንቁላል ይጥላሉና ጎጆአቸው ላይ ተቀምጠው ታገኟቸዋላችሁ።

እዚያው ሳላችሁ የደረቁትን የጥድ ዛፎች ተመልከቱ። ቆመው የሞቱ ዛፎች ናቸው። ባሕሩ ከፍ እያለ፣ መሬቱም እየሰጠመ ስለሆነ ጨው ሥራቸው ላይ ደርሷል። ከ1930ዎቹ ወዲህ ብላክዋተር ከ2,000 ሄክታር በላይ ረግረግ ወደ ውኃ ተቀይሮበታል። ለጥፋቱ የረዳ እንስሳም ነበረ። ኑትርያ የሚባል ትልቅ አይጥ መሰል ፍጥረት ለቆዳው ሲባል በ1940ዎቹ ከደቡብ አሜሪካ መጥቶ ሣሩን ከነሥሩ ይበላው ነበር። ከ20 ዓመት ማሳደድ በኋላ በ2022 ከአካባቢው ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ ታወጀ።

ማርችና ኤፕሪል

በማርች አጋማሽ ኦስፕሬይ ይመለሳል። ዓሣ ብቻ የሚበላ፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር ሰንበር ያለው ጭላት መሰል ወፍ ነው። ከደቡብ አሜሪካ መጥቶ ባለፈው ዓመት የተወው ጎጆ ላይ ያርፋል፤ ብዙ ጊዜ ሰው በውኃ ውስጥ የተከለለት እንጨት ላይ። ከአውሮፓ የሚነሡት የዚሁ ዘር ወፎች በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ይከርማሉ። ዓሣውን ሲይዝ አስተውሉ፤ የዓሣውን ጭንቅላት ወደ ፊት አዙሮ ነው የሚሸከመው፣ ነፋስ እንዳይገፋው።

ሜይ፦ የዓመቱ ሌሊት

በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ በዚህ ሂዱ። ቦታው ረግረጉ ሳይሆን አጠገቡ ያለው አሸዋማ ዳርቻ ነው፤ ለምሳሌ በደላዌር በኩል ፒከሪንግ ቢች ወይም ስላውተር ቢች።

የሚወጣው ሆርስሹ ክራብ ነው። ስሙን ያገኘው የፈረስ ኮቴ ከሚመስል ቅርፊቱ ነው። ሸርጣን ይበሉት እንጂ ሸርጣን አይደለም፤ ለጊንጥና ለሸረሪት ይቀርባል። ዘሩ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ኖሯል። ዳይኖሰር ሲመጣም ሲሄድም አይቷል። የደላዌር ባሕረ ሰላጤ የዚህ ዝርያ ትልቁ መናኸሪያ ነው።

ቀኑን እንዲህ ምረጡ። በሜይ ወይም በጁን መጀመሪያ አዲስ ጨረቃ ወይም ሙሉ ጨረቃ የሚውልበትን ቀን ፈልጉ። ከእሱ ሁለት ቀን ወዲህና ሁለት ቀን ወዲያ ይሠራል። ሰንጠረዡ ላይ የማታውን ሙላት እዩ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ነፋስ በርትቶ ማዕበል ከበዛ ቀኑን ቀይሩ፤ እንስሶቹ አይወጡም። የእጅ ባትሪያችሁን በቀይ ፕላስቲክ ሸፍኑት።

መጀመሪያ ድንጋይ ይመስሏችኋል። ድንጋዩ ይንቀሳቀሳል። ሴቷ ትልቅ ናት፤ ወንዱ ከኋላዋ ተጣብቆ ይወጣል፤ ዙሪያዋን ሌሎች ወንዶች ይጋፋሉ። አሸዋውን ቆፍራ በአንድ ጊዜ 4,000 ያህል እንቁላል ትጥላለች። በወቅቱ ውስጥ ደጋግማ ትመለሳለች። እንቁላሉ አረንጓዴ ነው፤ ከጤፍ ትንሽ ተለቅ ይላል። ቅርፊቶቹ በጨለማ ሲጋጩ ቋ ቋ ይላሉ። ልጄ እጄን ይዛ "ይናከሳሉ?" አለችኝ። አይናከሱም። ጅራቱም መርዝ የለውም፤ ሲገለበጥ ራሱን የሚያቃናበት ምርኩዝ ነው።

ማዕበል ገልብጧቸው ጀርባቸው ላይ የቀሩ ብዙ ታገኛላችሁ። ጠዋት ፀሐይና ወፍ ይጨርሳቸዋል። አቅኗቸው። የቅርፊቱን ጎን ይዛችሁ ብቻ ገልብጡ። ጅራቱን አትጎትቱ፤ ከመገጣጠሚያው ይጎዳል። በአንድ ሌሊት አርባ ያህል አቅንተናል፤ ልጆቹ ቆጠራውን እንደ ጨዋታ ነው የያዙት።

ደሙ ሰማያዊ ነው። የኛ ደም ኦክስጅን የሚሸከመው በብረት ነው፤ የእሱ በመዳብ። የባክቴሪያ መርዝ ሲነካው ወዲያው ይረጋል። ስለዚህ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ክትባትና በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ንጹሕ መሆኑ ሲፈተሽ የኖረው በዚህ ደም ነው። ክንዳችሁ ላይ መርፌ ያረፈበት ሁሉ ለዚህ ፍጥረት ውለታ አለባችሁ።

እዚያው አካባቢ አድራችሁ ጎሕ ሲቀድ ተመለሱ። አሁን ተራው የወፎች ነው። ሬድ ኖት የሚባል ደረቱ የጡብ ቀለም ያለው ትንሽ ወፍ ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ተነሥቶ ወደ አርክቲክ ይሄዳል፤ 15,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። ደላዌር ሲደርስ ቆዳና አጥንት ነው። ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ አለው። በዚያ ጊዜ ውስጥ እንቁላሉን እየለቀመ ክብደቱን እጥፍ ሊያደርግ ይደርሳል። 180 ግራም ካልሞላ አርክቲክ ደርሶ መውለድ ይከብደዋል። በ1995 በአርጀንቲና ቀለበት የታሰረለት አንድ ወፍ፣ ቢ95 የተባለው፣ በ2014 እንደገና እዚሁ ታይቷል። እስከዚያ የበረረው ሲደመር ከምድር እስከ ጨረቃ ካለው ርቀት ይበልጣል።

በ1990ዎቹ እንስሶቹ ለዓሣ ማጥመጃ ማባበያ በብዛት ተለቀሙ። እንቁላሉ ቀነሰ፤ ወፉም አብሮ ቀነሰ። ኒው ጀርሲ በ2008 መልቀሙን ከለከለች። ሆርስሹ ክራብ ለመውለድ አሥር ዓመት ገደማ ስለሚፈጅበት ቁጥሩ ቶሎ አይመለስም። ሬድ ኖትም ዛሬ በፌዴራል ሕግ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ወፎቹን በሩቅ እዩ። ከተነሡባችሁ ቀርባችኋል ማለት ነው። በኒው ጀርሲ በኩል በዚህ ወቅት ብዙ ዳርቻዎች ይዘጋሉ። ገመድ ካያችሁ አትሻገሩ፤ ውሻም አታምጡ።

ጁንና ከዚያ በኋላ

ጁላይን ቦምቤይ ሁክ ላይ አልመክርም፤ ምክንያቱን መጀመሪያ ነግሬያችኋለሁ። ያ ዝንብ የነፍሳት መከላከያ ቅባት ብዙም አይበግረውም። የግድ ከሆነ መስኮት ዘግታችሁ ዙሩ።

ጁን ላይ ግን መንገዱን እያያችሁ ንዱ። ቴራፒን የምትባለው ኤሊ እንቁላል ልትጥል አስፋልት ታቋርጣለች። ልጃችሁ ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከተማረ የትምህርት ቤቱን ምልክት ቴስቱዶን ያውቃል፤ እሷው ናት። ካገኛችኋት ወደምትሄድበት አቅጣጫ አሻግሯት። ወደ መጣችበት ከመለሳችኋት እንደገና ትሞክራለች።

አጭሩ ሣር ውስጥ ደግሞ አንዲት ድንቢጥ ከሙላት ጋር ትሽቀዳደማለች። በወር አንዴ በሚመጡት ከሁሉ ትልልቅ ሙላቶች መካከል ያለው አራት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ውስጥ ጎጆ ሠርታ፣ ፈልፍላ፣ ጫጩቶቹ ሣሩን ወጥተው እስኪያመልጡ ማድረስ አለባት። ባሕሩ ከፍ ሲል ጊዜው ያጥርባታል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ከአራቱ ሦስት እጅ ጠፍታለች።

ሰማያዊ ሸርጣን ገበያ ላይ የምታዩትም አሁን ነው። ብዙዎቻችን አንበላውም፤ እናቴ አንድ ጊዜ አይታው አማትባለች። መለየት ግን አይከለከልም። ገልብጡትና ሆዱን እዩ። የዋሽንግተን ሐውልትን የመሰለ ቀጭን ቅርጽ ካለው ወንድ ነው። የካፒቶልን ጉልላት የመሰለ ሰፊ ቅርጽ ካላት የደረሰች ሴት ናት። ይህን ያወጡት የዚሁ አካባቢ ዓሣ አጥማጆች ናቸው።

ማስታወሻ ደብተር

ይህንን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩ። በእያንዳንዱ ጉዞ አራት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ቀኑን፣ ሙላት የሆነበትን ሰዓት፣ ነፋሱን፣ ያያችሁትን። ስሙን ካላወቃችሁት "ቢጫ እግር፣ ጥቁር መንቁር፣ ነጭ" ብላችሁ ጻፉ፤ ማታ ታገኙታላችሁ። ያላያችሁትንም ጻፉ። ጳጉሜን ሲደርስ የኦስፕሬይ ጎጆ ባዶ ይሆናል። መጨረሻ ያያችሁበትን ቀን ምልክት አድርጉበት። እኔ አምና የጻፍኩት ኦገስት 29 ነው፤ አንድ ጫጩት ብቻ ቀርታ እንጨቱ ላይ እየጮኸች ነበር። ማርች 16 ላይ ስመለስ ጎጆው ላይ አንድ ወፍ አዲስ ጭራሮ ይዞ ቆሟል። እሷ ትሁን ሌላ፣ አላወቅኩም። ሙላቱ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነበር።